ያልተደገመው ቃል

እትዬ መርፌ ክፉ ነገር ገና በመንገድ ላይ ሳለ ይሸታታል ይባልላታል። ስልክ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ካልተነሳ ሰው ሞቷል፤ አምቡላንስ በመንገዱ ካለፈ የሚሄደው ወደ ዘመዷ ቤት ነው፤ ሰማዩ ከጠቆረ ደግሞ ልጇ የምታበረው አውሮፕላን እዚያው ጥቁሩ ውስጥ ነው። ስሙን ያወጡላት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ልብስ ሰፊ ስለሆነች፣ ቀጭን ስለሆነች፣ ምላሷም ስለሚዋጋ። ባሏ ግን የራሱን ስም አውጥቶላት ነበር። «የመርዶ ሬዲዮ» ነው የሚላት።

«ዛሬስ ማን ሞተ? ዜናውን አሰሚን እንጂ!» ይላታል፣ ገና ከሥራ ሲገባ፣ ጫማውን ሳያወልቅ።

«ሳቅ፣ ሳቅ! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።»

«ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ፈራሽ፤ ምን ደረሰ?»

«አንተን ያቆየህ የኔ መፍራት ነው።»

ባልየው በመሥሪያ ቤቱ ጋሽ መስመር ይባል ነበር። አውሮፕላኖች ወደ ከተማ የሚገቡባቸውን መንገዶች በካርታ ላይ የሚነድፍ ሰው ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላም የንድፍ ጠረጴዛውን ቤት አምጥቶ ከመኝታ ክፍሉ መስኮት ሥር አቆመው፤ ማስመሪያዎቹን በርዝመታቸው ደርድሮ፣ እርሳሶቹን በምላጭ ቀርጾ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሳይጠየቅ ያስረዳል።

«ሰው ሰማይ ሜዳ ይመስለዋል። ሜዳ አይደለም። አብራሪ ከተማ ሲደርስ ዝም ብሎ ወደ ማረፊያው አይንደረደርም። ሰማዩ በር አለው። የእኛ ከተማ አራት በር አላት፤ ከምሥራቅ የመጣ በምሥራቁ በር ይገባል። ከበሩ ጀምሮ መንገዱ ታትሞ ተሰጥቶታል። እዚህ ነጥብ ስትደርስ ከፍታህ ይህን ያህል፣ ፍጥነትህ ይህን ያህል፤ ቀጥሎ ያለው ላይ ደግሞ ዝቅ፤ ከዚያም ዝቅ። ደረጃ መውረድ ነው። ደመና ዓይንህን ቢጋርደው እንኳ ደረጃውን ካልዘለልክ ተራራ አይነካህም።»

አንድ ቀን፣ ልጁ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ አገጯን አስደግፋ ጠየቀችው። «በሩ ላይ ሰልፍ ካለስ?»

ጋሽ መስመር እርሳሱን አስቀመጠ። በመሥሪያ ቤቱ አለቆቹ እንኳ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ጠይቀውት አያውቁም። «ትዞሪያለሽ» አላት። እንቁላል የመሰለ፣ ሁለት ጎኑ ቀጥ ያለ ቅርጽ ሣለላት። «እዚህ ላይ፣ በሩ ላይ፣ ተራሽ እስኪደርስ እየዞርሽ ትቆያለሽ። አንዱ ዙር አራት ደቂቃ ነው። ካፒቴን፣ ገባሽ?»

«አንዱ ዙር አራት ደቂቃ ነው» አለች ልጅቷ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ካፒቴን ሆነ። አድጋ ረዳት አብራሪ ስትሆን፣ ማዕረጉን ገና እንዳላገኘች ብትነግረውም አልሰማትም።

የቤቱም ወግ የተጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። አብራሪ ከመቆጣጠሪያው ማማ የታዘዘውን ቃል በቃል መልሶ ይደግማል፤ ካልደገመ እንዳልሰማ፣ እንዳልተቀበለም ይቆጠራል። ጋሽ መስመር ይህን ሕግ ከሰማይ አውርዶ ወጥ ቤት አስገባው። «ዳቦ ሁለት፣ ነጭ ክር አንድ፣ ባለ አራት ቀዳዳ ቁልፍ አንድ ደርዘን» ከተባለ፣ የተላከችው ልጅ በሩ ላይ ቆማ «ዳቦ ሁለት፣ ነጭ ክር አንድ፣ ባለ አራት ቀዳዳ ቁልፍ አንድ ደርዘን» ትላለች። እትዬ መርፌ መጀመሪያ ሳቀችባቸው። ኋላ ግን ከሁለቱም ብሳ ተገኘች። ልጇ ለበረራ በወጣች ቁጥር፣ በአካልም ሆነ በስልክ፣ ማስጠንቀቂያዋን ሳታስደግም አትለቃትም።

«ጃኬት ያዢ።»

«ጃኬት እይዛለሁ።»

«ሳትበዪ አትነሺ።»

«ሳልበላ አልነሳም።»

«ደመና ካለ ተመለሺ።»

«እማዬ፣ የደመናውን ነገር ለእኔ ተዪልኝ።»

«ድገሚ!»

«ደመና ካለ እመለሳለሁ።» ይህን ጊዜ ጋሽ መስመር ከጓዳ ሆኖ ሳቁን ይለቀዋል። «እንደ እናትሽ ቢሆን እስካሁን አንድም አውሮፕላን አይነሳም ነበር!»

አንድ ሌላ ሕግ ደግሞ ነበረ፤ እሱንም ያወጣው ጋሽ መስመር ነው። ለበረራ ለተዘጋጀ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። «ልቡ ሌላ ቦታ የሆነ ሰው አንድ ደረጃ ይዘላል» ይል ነበር። ይህን ሕግ እትዬ መርፌ አላስደገመችውም። እንደ ጸሎት ያዘችው።

የጋሽ መስመር ሕመም የመጣው ልጅቷ ለሁለት ወር ሌላ ከተማ ተመድባ በሄደች በሳምንቱ ነው። የልብ ድካም። መጀመሪያ ደረጃ ሲወጣ አሳረፈው፤ ቀጥሎ ደረጃ ሲወርድም። እግሩ አበጠ። ሐኪሙ ሁለት ሳምንት አስተኝቶ፣ ከዚህ በላይ እዚህ መቆየቱ ምንም አይጨምርለትም፣ ቤቱ ይሁን ብሎ መለሰው። ረጅም የኦክስጅን ሲሊንደር ከአልጋው አጠገብ ቆመ። ጎረቤታቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር የሚላት ነርስ፣ ጠዋትና ማታ እየገባች ታየዋለች።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ እሱም እየቀለደ ነበር የሚሄደው። «ሬዲዮ፣ ዛሬ ዜናው እኔ ነኝ፤ ለምን አታነቢኝም?» ይላታል። እሷ ግን ያ ሁሉ ወሬዋ የት እንደገባ እንጃ፣ ጭጭ አለች። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያልመጣውን ሞት ስትናገር የኖረች ሴት፣ እውነተኛው መጥቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ሲቀመጥ ስሙን መጥራት አቃታት። ከተናገረችው የሚሆን፣ ከዋጠችው የሚቀር መሰላት።

ልጅቷ በየቀኑ ትደውላለች። «አባዬስ?»

«ደህና ነው። ትንሽ ጉንፋን ይዞታል።»

«አባዬ ደህና ነው፤ ጉንፋን ይዞታል። አቅርቢልኛ!»

መጀመሪያ ላይ ያወራት ነበር፣ ትንፋሹን እየሰረቀ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት ግን ስልኩን ይዞ መናገር አልቻለም። «ተኝቷል» አለች እናትየው። በማግስቱም «ተኝቷል»። በሦስተኛውም ቀን።

በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ጋሽ መስመር ዓይኑን ገልጦ «ካፒቴን መቼ ነው የምትመጣው?» አላት።

«ነገ።»

«በጠዋቱ?»

«በከሰዓቱ። ተመድባበታለች፤ ራሷ ናት የምታበረው።»

እጇን ፈልጎ ያዘ። «የጠዋቱ ይሻል ነበር» አለ።

እትዬ መርፌ አልደገመችም። ብርድ ልብሱን አስተካከለች።

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ስልኩ ጮኸ። ሲስተር አልጋው አጠገብ ቆማ የሲሊንደሩን መለኪያ እያየች ነበር።

«እማዬ፣ በጠዋቱ አውሮፕላን እንደ ተሳፋሪ ሆኜ ልምጣ እንዴ?» አለች ልጅቷ። «የከሰዓቱን የሚሸፍንልኝ ሰው አግኝቻለሁ። የአባዬን ድምፅ ከሰማሁ ሦስት ቀኔ ነው።»

ሲስተር ቀና ብላ እትዬ መርፌን አየቻት። ድምፅ ሳታወጣ፣ በከንፈሯ ብቻ፣ «ይንገሯት» አለች።

የእትዬ መርፌ ጭንቅላት በአንድ ጊዜ ሁሉንም አየ። ልጇ ደንግጣ ስትሮጥ፣ ታክሲው ሲፈጥን፣ መስቀለኛው መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲመጣ። ወይም ነግራት፣ የሚሸፍናት ሰው ቀርቶ፣ እያለቀሰች ስታበር፣ አንዷን ደረጃ ስትዘል፣ ተራራው። ባሏን እያጣች ነው፤ ልጇን ደግሞ በገዛ አፏ ልታጣ ነው? «ልቡ ሌላ ቦታ የሆነ ሰው።» ሕጉ የራሱ የታማሚው ነው።

«ደህና ነው» አለች። «ተኝቷል። ሥራሽን ይዘሽ ነይ።»



«እሺ» አለች ልጅቷ። ስልኩ ተዘጋ።

እትዬ መርፌ ስልኩን እንደያዘች ቀረች። ጃኬት ያዢ አላለቻትም። ሳትበዪ አትነሺ አላለቻትም። ደመናውንም አላነሳችም። ሌላም ነገር የጎደለ መሰላት፤ ምን እንደሆነ ግን አልመጣላትም።

«እትዬ፣ ምነው?» አለች ሲስተር። «ይህ ሰው እኮ ማታን አያይም።»

«ስታርፍ እነግራታለሁ። መሬት ስትረግጥ።»

«እሱስ ይጠብቃታል ወይ?»

«ዝም በይ አንቺ፤ ይሰማል» አለች እትዬ መርፌ። እውነትም ይሰማ ነበር፤ ዓይኑ ግን መስኮቱ ላይ ነው።

ያ መስኮት ቤቱን ያስገዛቸው መስኮት ነው። ወደ ምሥራቅ ያያል፤ ከሰፈሩ ጣሪያዎች ወዲያ የውሃ ታንከር የተተከለበት ኮረብታ አለ። የምሥራቁ በር ከዚያ ኮረብታ በላይ ነው። በር ማለት እንግዲህ ምንም አይታይም፤ ባዶ አየር ነው። ጋሽ መስመር ግን ከአልጋው ሆኖ፣ ድምፁን እየሰማ፣ «ገባ፤ ይሄ ትልቁ ነው» ወይም «ይሄ የካፒቴን ዓይነት ነው፣ ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ» እያለ ስንት ዓመት ቆጥሯል።

ከቀትር በኋላ ሰማዩ ተከፈለ። በኮረብታው በኩል ጥርት ያለ ነው፤ በምዕራብ፣ በማረፊያው በኩል፣ ዝናብ እንደ መጋረጃ ወርዷል። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ድምፁ መጣ። ጋሽ መስመር ራሱን ከትራሱ ሊያነሳ ሞከረ። እትዬ መርፌ በክንዷ ደገፈችው። ሰውነቱ ምንም አይከብድም፤ ያልተሰፋ ጨርቅ የያዘች መሰላት።

«ናት» አለ።

ከታንከሩ በላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ወጣች። ኮረብታው ላይ ስትደርስ ወደ ማረፊያው አልቀጠለችም። አንድ ክንፏን ዝቅ አድርጋ ታጠፈች።

«ወይኔ! ምን ሆነች?»

«ዝናቡ ነው። ሌሎች ቀድመዋት ይጠብቃሉ። በሩ ላይ አቆሟት።» ቀኝ እጁ አንሶላው ላይ ተንቀሳቀሰ። በጠቋሚ ጣቱ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ፣ ጫፉ ላይ አጠፈው፣ መልሶ ቀጥ አደረገው። «አራት ደቂቃ» አለ።

እትዬ መርፌ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። በሕይወቷ አንድም አውሮፕላን ይፍጠን ብላ አታውቅም፤ ቀስ በሉ፣ ተመለሱ፣ ደመና አለ ብቻ ነበር ጸሎቷ። «በአቋራጭ አያስገቧትም?» አለች። «ስልክ ብንደውልላቸውስ? ማማው ላይ የምታውቀው ሰው የለም? ለአንድ ጊዜ ብቻ!»

ጋሽ መስመር ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አንቺ ነሽ ይህን የምትዪው?»

ሁለተኛው ዙር ተጀመረ። ነጥቧ እየራቀች ሄደች፣ ፀሐይ ክንፏ ላይ ብልጭ አለች፣ ተመለሰች። ጣቱ አብሯት ይዞራል፤ አሁን ግን ዘግይቶ፣ እሷ መታጠፊያው ላይ ስትሆን እሱ ገና ቀጥታው ላይ ነው። ሲስተር የኦክስጅኑን ቧንቧ አስተካከለችለት። የሚስተካከል ነገር ኖሮ አይደለም።

«ሬዲዮ» አለ።

«አለሁ።»

«አንቺ አትፍሪ። ደረጃውን ታውቀዋለች።»

«ደረጃውን ታውቀዋለች» አለች እትዬ መርፌ። ቃሉን መልሳ ስትደግምለት ዓይኑን ጨፈነ፤ አንድ የተሰጠውን ሥራ ጨርሶ እንደሚያስረክብ ሰው።

ሦስተኛው ዙር ላይ ጣቱ ከመታጠፊያው ሳይወጣ ቆመ። እናትየው መጀመሪያ እንቅልፍ የወሰደው መሰላት። ሲስተር የእጁን አንጓ ይዛ፣ ቀጥሎ አንገቱን ነክታ፣ ሰዓቷን አየች። ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ አራት። በመስኮቱ ውስጥ አውሮፕላኑ ቀሪውን መታጠፊያ ጨረሰ። አራተኛውን ዞረ። አምስተኛውን ዞረ። ከዚያ ክንፉን አቃንቶ፣ ዝናቡ ወዳባራበት አቅጣጫ፣ ከደረጃ ደረጃ እየወረደ ሄደ።

ልጅቷ እስክትደርስ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀባት። ሲስተር አስክሬኑን አስተካክላ ስትወጣ በር ላይ እትዬ መርፌን ያዘቻት። «እትዬ፣ ጠዋት ደህና ነበር፣ ድንገት ነው ይበሏት። ለእሷም ይቀልላታል፣ ለእርስዎም።»

በሩ ተከፈተ። ልጅቷ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች፣ ባለ ጎማ ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች። የእናቷን ፊት አየች፤ ሻንጣውን ለቀቀችው። ተጋደመ።

«መቼ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ አራት።»

ልጅቷ ዓይኗን ከድና አሰላች። «ሦስተኛው ዙር ላይ ነበርን።»

«አውቃለሁ። እሱም ከአንቺ ጋር እየዞረ ነበር።»

«ጠዋት ስደውልልሽ እንዴት ነበር?»

የሲስተር ቃል እትዬ መርፌ ምላስ ላይ ተቀምጧል። ቀላል ነው፤ ሁለት ቃል ነው። ለወር ያህል ስትለማመደው ከርማለች። ግን ከዚህ በላይ የከፋ ነገር የለም፤ እንግዲህ የምትፈራው ምን ቀራት?

«ጠዋት እየሞተ ነበር» አለች። «ትናንትም እየሞተ ነበር። የጠዋቱ ይሻል ነበር ብሎኛል፣ በአፉ። ሲስተርም ይንገሯት ብላኛለች። እኔ ነኝ ደህና ነው ያልኩሽ።»

ልጅቷ ግድግዳውን ተደገፈች። «አልደገምኩልሽም» አለች።

«ምን?»

«ደህና ነው ስትዪኝ አልደገምኩልሽም። አላመንኩሽማ። ጃኬት ያዢ እንኳ አላልሽኝም። ዋናውን አብራሪ ልቤ የለም፣ አንተ አብርር፣ እኔ ሬዲዮውን ልያዝ አልኩት። እዚያ ላይ ስንዞር መስኮታችንን አየሁት።» ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። «እንዳላመንኩሽ አውቃለሁ፤ ግን እማዬ እኮ ክፉ ነገር ካለ ዝም አትልም አልኩ። ለሌላው ሁሉ ወይኔ ያለች፣ ለዚህ ዝም ትላለች? አልኩ። የጠዋቱ አውሮፕላን ግማሹ ባዶ ነበር፣ እማዬ።»

ወደ አባቷ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። እትዬ መርፌ የተጋደመውን ሻንጣ አንስታ ግድግዳው ሥር አቆመችው። ከውስጥ ልቅሶዋ ተሰማ፤ እናትየውም መሬት ላይ፣ በሩ ሥር፣ ቁጭ አለች።

ቀብሩ አለፈ፤ ለቅሶ ደራሹ መጥቶ ሄደ። ልጅቷ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ተሰጥቷት ቤት ቆየች። እናቷን አልተቆጣቻትም፤ ብትቆጣት በተሻለ ነበር። ዳቦ ግዢ ስትባል ትገዛለች፣ ነጭ ክር ስትባል ታመጣለች፤ ግን ምንም አትደግምም። የተባለችውን ሰምታ፣ ዝም ብላ ትወጣለች። እትዬ መርፌ ከሠላሳ አራት ዓመት ትዳር በኋላ ቤቱ ስንት ድምፅ እንደነበረው ያኔ አወቀች። የምትሰፋውን የተማሪ ሸሚዝ እጅጌ ሁለት ጊዜ ገልብጣ ሰፍታ ሁለት ጊዜ ፈታችው። ልጅቷ አባቷ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ እርሳሶቹን ትቀርጽ ነበር፤ የተቀረጹትን መልሳ።

አሥራ አምስተኛው ቀን ወደ ምድቧ ተመለሰች። በር ላይ ተሳሳሙ። ማስጠንቀቂያ አልነበረም። እናትየው አፏ አልደፈረም።

ስልኩ የጮኸው በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው። «እማዬ፣ ዛሬ ከተመለስኩ የመጀመሪያ በረራዬ ነው። ሁለት ሰዓት ይቀረዋል። እንዴት ነሽ?»

«ደህና» ብላ ጀመረች። ምላሷ የለመደው ነው። መሀል ላይ ያዘችው። «ልጄ፣ ልትበሪ ነው። አባትሽ ቢኖር እንዲህ ያለውን አትንገሪያት ይል ነበር።»

«አባዬ በመስመር ተሳስቶ አያውቅም፤ በዚህ ግን ተሳስቷል። አሁን መሬት ላይ ነኝ። ከከበደኝ አልነሳም፤ የሚተካኝ ሰው አለ። መሬት ላይ ሳለሁ ንገሪኝ።»

እትዬ መርፌ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። «ደህና አይደለሁም። አልጋውን አላነሳሁትም። በእሱ በኩል መተኛት አቅቶኛል። የጠዋቱ ይሻል ነበር ያለኝ ቃል እንቅልፍ ነስቶኛል። አንቺም ተቀይመሽ የምትቀሪ እየመሰለኝ እፈራለሁ።»

በዚያኛው ጫፍ የሰዎች ድምፅና የሻንጣ ጎማ ይሰማል። ከዚያ ልጅቷ መናገር ጀመረች፤ በሥራ ድምፅዋ፣ ቃል በቃል፣ ሳትቸኩል።

«ደህና አይደለሽም። አልጋውን አላነሳሽውም። በእሱ በኩል መተኛት አቅቶሻል። የጠዋቱ ይሻል ነበር ያለሽ ቃል እንቅልፍ ነስቶሻል።» እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ቆም ብላ ቀጠለች። «እኔም ተቀይሜ የምቀር እየመሰለሽ ትፈሪያለሽ።»

«አዎ።»

«ተቀይሜሻለሁ፣ እማዬ። ግን አልቀርም።»

«ተቀይመሽኛል። ግን አትቀሪም» አለች እትዬ መርፌ፣ ጉንጯን በክንዷ እየጠረገች።

«ጃኬት ይዣለሁ። በልቻለሁም።»

«ደመና ካለስ?»

«እመለሳለሁ።»

እትዬ መርፌ ስልኩን ዘጋች። «ሰማሃት?» ልትል ወደ አልጋው ዞረች።